ማድ ቤትም ቤት ነው

ልደታ፣ መስከረም 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ቃለሕይወት ወልደ ሚካኤል
ላይፕዚግ

አዲሱ ዓመት ለእርስዎም ለባለቤትዎ ለኡርሱላም ጤና የሞላበት ይሁንላችሁ። እህትዎ ሃኒም ካለችበት ሰላምታዬ ይድረሳት። እኔ በእመቤቴ በልደታ ጥበቃ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል።

በስልክ ከማውራት መጻፍ የመረጥኩት በንቀት እንዳይመስልዎት። ስልክ ላይ እርስዎ ሲናገሩ እኔ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» እላለሁ፤ በምን እሺ እንዳልኩ የሚገባኝ ከተዘጋ በኋላ ነው። ልማድ ነው። አባቴ ነገሪ የእናትዎ የእትዬ ወለተሰንበት የአክስት ልጅ ነውና፣ «ትማራለች» ተብዬ በአሥራ አንድ ዓመቴ ከጊንደበረት ወደ ቤታችሁ ስመጣ መጀመሪያ የለመድኩት የአማርኛ ቃል «እሺ» ነው። ወረቀት ላይ ግን እሺ ለማለትም ብዕር ማንሣት አለብኝ፤ እስክጽፈው አስብበታለሁ። ስለዚህ እየጻፍኩ፣ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ እልክልዎታለሁ፤ እርስዎም እንደዚያው ያድርጉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማድ ቤቴን ላድስ ነው።

እዚህ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ማድ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ያለችው አንዲት መስኮት ደግሞ ወደ ኮሪደር ነው የምትከፈተው። በጠራራ ፀሐይ አምፖል ካላበራሁ ሽንኩርትና ድንች አልለይም። የካቢኔው አንዱ በር በሽቦ ነው የታሰረው፤ የሲንኩ ሥር እንጨት አብጦ ተላልጧል። ከመሥሪያ ቤታችን ክበብ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለሰንጋ ተራ የባንክ ሠራተኞች ምሳ እየሠራሁ እንደምልክ ያውቃሉ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ፊቴን ለግድግዳ ሰጥቼ እቆማለሁ። የራሴ ቤት ውስጥ የተቀጣሁ ተማሪ መስያለሁ።

ግንበኛው በድሉ በማድ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ያለውን ግድግዳ እናንሣው አለኝ። ከሳሎኑ በረንዳ የሚገባው ፀሐይ ያኔ ቀጥ ብሎ ምድጃዬ ላይ ይደርሳል። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ቀለሙን የእርድ ቢጫ አደርገዋለሁ፤ የበረታ ቢጫ፣ ሲያዩት የሚሞቅ። ካቢኔው የእንጨት መልክ ያለው ይሆናል፤ ሲሠሩ ቆመው የሚከትፉበት፣ በዚያ በኩል ደግሞ ሰው ተቀምጦ የሚበላበት ረዘም ያለ ጠረጴዛም አስቤያለሁ።

ከእናንተ ምንም አልፈልግም፤ ገንዘብም አልጠይቅም። ዕድሜዎን በንድፍ ሥራ ስላሳለፉ ደስ ይልዎታል ብዬ ነው የነገርኩዎት። ምርቃትዎን ብቻ ይላኩልኝ።

እህትዎ ደሚቱ ነገሪ


ላይፕዚግ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህታችን ለደሚቱ

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔና ኡርሱላ አምላክ ይመስገን በጣም ደህና ነን። ብርዱ ገብቷል፤ የአትክልቱን ቦታ ለክረምቱ እያዘጋጀን ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ደስ አለኝ። የቤታችን ማድ ቤት መታደስ እንዳለበት እኔም ካሰብኩት ቆይቻለሁ። እንዲያውም ጊዜው ገጥሟል፤ እኔና ኡርሱላ በመጪው ዓመት ጠቅልለን አገር ቤት ልንገባ ወስነናል። ከዚህ በኋላ የምንኖረው እዚያው ቤታችን ስለሆነ ሥራው እንደነገሩ ተደርጎ መታለፍ የለበትም። ግንበኛ የሚያስበው ስለ ሲሚንቶው ነው፤ ቤት የሚያስበው ነዳፊ ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ የሣልኩትን ንድፍ አያይዤ ልኬልሻለሁ። ካቢኔው እስከ ኮርኒሱ የሚደርስ፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ይሁን። ከካቢኔው ሥር ረጅም የኤልኢዲ መብራት ይዘርጋ፤ ብርሃን የሚመጣው ከዚያ ነው። የወለሉ ሴራሚክ ግራጫ ይሁን። ቢጫ የሚባለውን ነገር እርሺው፤ ቤታችን የልጆች መዋያ አይደለም።

ግድግዳው አይነካም። ሳሎን የተቀመጠ እንግዳ የድስት ክዳን ሲነሣ ማየት የለበትም። እናታችን ማድ ቤት ከእንግዳ ዓይን ይራቅ ትል እንደነበር ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ዘመናዊ ማለት ሁሉን ነገር ማጋለጥ አይደለም። በልብስ ማጠቢያው በረንዳ በኩል የምትባክነውን ቦታ ግን በደንብ ተጠቅሜባታለሁ፤ ንድፉ ላይ ታያታለሽ።

ወጪውን እኔ እችለዋለሁ። አንቺ የካርታውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ካርታው ላይ ያለውን ስም ወደ ቤተሰቡ ለማስተካከል ምን እንደሚያስፈልግ አንድ ጠበቃ እጠይቃለሁ። ተራ የወረቀት ሥራ ስለሆነ አንቺን አያሳስብሽ።

ወንድምሽ ቃለሕይወት


ልደታ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ቃለሕይወት

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ብርዱን ይቻሉት፤ ደረትዎ ድሮም ብርድ አይወድም።

ንድፉ ደርሶኛል። እጅዎ አሁንም ያምራል፤ መስመሩ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። ስልኩ ላይ በሁለት ጣቴ እየለጠጥኩ አንድም ነገር ሳላስቀር አየሁት። ሲንኩ ላይ «ሲንክ» ብለዋል። ማቀዝቀዣው ላይ «ማቀዝቀዣ» ብለዋል። የቆሻሻ መጣያዋ እንኳ ሙሉ ስም አላት። በልብስ ማጠቢያው በረንዳ በኩል ግን አንድ ሳጥን አለች፤ ወርዷ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ርዝመቷ አንድ ሜትር ከዘጠና። ውስጧ አንድ ፊደል ብቻ ተጽፎባታል፤ «ደ»።

በድሉን ጠየቅሁት። «ደረጃ ይሆናል» አለኝ። ከሦስተኛ ፎቅ ማድ ቤት ወዴት የሚወርድ ደረጃ ነው? ደጅ እንዳልል መስኮት እንኳ አላደረጉላትም። ደሚቱ እንዳልል ደግሞ አፈርኩ፤ ያፈርኩት ለራሴ አይደለም፣ ለእርስዎ ነው። «ደ» ምንድን ነው ጋሼ?

ሌላው ነገር፣ ደብዳቤዎ ውስጥ «ቤታችን» የሚለውን ቃል ደጋግመውታል። አንዴ ቢሆን የዘመድ ፍቅር ነው ብዬ አልፈው ነበር። ካርታውን በተመለከተ፣ የተጻፈው በስሜ ነው። የሚስተካከል ስሕተት የለበትም፤ ነገሪ የሚለውም ሳይቀር በትክክል ሰፍሯል።

ነጭ ካቢኔ አልፈልግም። ክበቡ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ነጭ ጋዋን ለብሻለሁ፤ ይበቃኛል። ብርሃኑም ከካቢኔ ሥር እንዲመጣልኝ አልፈልግም፤ ፀሐይ እዚያው ሳሎኔ ድረስ በነፃ እየመጣች ግድግዳ ነው የከለከላት። በድሉ በመዶሻው መታ መታ አድርጎ አዳመጠውና «ብሎኬት ብቻ ነው እማማ፣ ምንም የተሸከመው ነገር የለም» አለኝ። የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴም መጥቶ አይቶ ፈቅዷል። እንግዳ የድስት ክዳን ሲነሣ ቢያይ ምን ይሆናል? ወጡን እኮ ይበላዋል።

ሰኞ እንጀምራለን። ኡርሱላን ሰላም ይበሉልኝ። በእርግጥ ልትመጣ ከሆነ ምን ምን እንደምትወድ ራሷ በሁለት መስመር ትጻፍልኝ፤ እርስዎ ይተረጉሙልኛል።

እህትዎ ደሚቱ


ላይፕዚግ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህታችን ለደሚቱ

እንደምን ከርመሻል? አንዳንድ ጉዳዮች ተደራርበውብኝ መልሴ ዘገየ። የድሮው ስልክ ተቋርጧል፤ ከእንግዲህ በዚህ በአዲሱ ቁጥር ላኪልኝ።

«ደ» ማለት ደረቅ ዕቃ ማስቀመጫ ማለት ነው። ጥራጥሬ፣ ዱቄት፣ እንዲህ ያለው ነገር የሚቀመጥበት። ነዳፊ ቦታ ሲጠበው ቃል ያሳጥራል። ከአንድ ፊደል ተነሥተሽ ነገር መሰንጠቅሽ አሳዝኖኛል።

የቤቱን ጉዳይ ግን በግልጽ ልንገርሽ፣ በኋላ ቅሬታ እንዳይኖር። አንቺ ለኮንዶሚኒየሙ የበቃሽው በቤት ቁጥር 411/ለ ነው። 411/ለ ደግሞ የ411 ማድ ቤት ነው። 411 የአባታችን የአቶ ወልደ ሚካኤል ቤት እንደነበር ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል። ማድ ቤት ከዋናው ቤት ተነጥሎ ለብቻው ቤት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ከማድ ቤታችን የወጣው ኮንዶሚኒየም የእኛ ነው። አንቺ ጠብቀሽዋል፤ ለዚህም እናመሰግንሻለን፤ ስንገባም ያለ ቦታ አናስቀርሽም። ሃኒም አሳቧ ይኸው ነው፤ አነጋገርሽም አስቀይሟታል።

ግድግዳውን ካልነካሽው እንዳትነኪው። ለአጎታችን ልጅ ለአቶ ደገፋ ውክልና ልኬያለሁ። ጥር ውስጥ ይመጣል። ቤቱን አሳዪው፤ ካርታውንም ስጪውና ኮፒ ያድርግ።

ቃለሕይወት


ልደታ፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ቃለሕይወት

ጤናዎን ይስጥዎ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ሲያነቡ እንዳይጠራጠሩት።

ንድፉን እንደገና ለጥጬ አየሁት። የደረቅ ዕቃ ማስቀመጫው ራስጌ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን አለች፤ መሐሏ ሰርጎድ ያለ። ሌላው ገጽ ላይ የመኝታ ቤቱን አልጋ ሲሥሉ ያደረጉት ምልክት እሱኑ ነው። ትራስ ነው ጋሼ። ምስርና ሽንብራ ትራስ ተንተርሰው አያውቁም።

ማድ ቤት ቤት አይሆንም ብለዋል። ረስተውት ከሆነ ላስታውስዎት። በ1976 ዓ.ም. የቀበሌ ቆጣሪዎች ግቢ ሲገቡ እርስዎም በረንዳ ላይ ነበሩ። ጸሐፊው ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዟል። ትልቁ ቤት በር ላይ 411 ብሎ ጻፈና ወደ ማድ ቤቱ ዞረ። እትዬ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ «እሱ ማድ ቤት ነው፤ ሰው የለበትም» አሉት። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሰውየው አጎንብሶ ወደ ውስጥ አየ። ከዱቄቱ በርሜል ጀርባ ፍራሼ ተጠቅልሎ ቆሟል፤ ምስማሩ ላይ የእሑድ ቀሚሴ ተሰቅሏል። «እዚህ ማን ነው የሚያድረው?» አለ።

«እኔ» አልኩ።

«እንግዲያው ቤት ነው» አለና 411/ለ ብሎ ጻፈበት።

አንድ ሳምንት ሙሉ ሳቃችሁ። «የ411/ለ እመቤት፣ እስቲ ውሃ አምጪልን» የሚለውን ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት። ያኔ አልተቀየምኩም፤ አብሬያችሁ ስቄያለሁ። ቁጥሩን ግን ወደድኩት። ቀለሙ ሲደበዝዝ እኔ ነኝ በከሰል የማደምቀው።

ከዚያ እርስዎ ወደ ጀርመን ሄዱ፤ ሃኒም ተከተለችዎት። አባትዎ አረፉ። እትዬ አልጋ ላይ ሲውሉ ስድስት ዓመት ሙሉ አገላብጬ ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ለውለታ አላነሣውም፤ እሳቸውም በመጨረሻ «ልጄ» ብለውኛል። ሲያርፉ ግን ሁለታችሁም አልመጣችሁም፤ ትልቁ ቤት የቀበሌ ኪራይ ነበርና ቀበሌው ለሌላ ሰው ሰጠው። ያኔ «ቤታችን» ብሎ የጻፈ አላየሁም። እኔ ማድ ቤቴ ውስጥ ቀረሁ፤ ኪራዩን በስሜ ከፈልኩ። ሠፈሩ ሲፈርስ በ411 የተሰጠው ኮንዶሚኒየም ዛሬ የሌላ ሰው ነው። በ411/ለ የተሰጠው የእኔ ነው፤ የባንክ ዕዳውንም ከክበብ ደመወዜ ጨርሻለሁ። ቤት ሊሆን አይችልም ይላሉ፤ ሆኗል እኮ!

አቶ ደገፋ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ መጡ። በሩን ከፍቼ አስገባኋቸው። ግድግዳ የለም። ፍርስራሹን በድሉ በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላ ካወረደው ሁለት ወር አልፎታል። ቀለሙ ተቀብቷል፤ የካቢኔው በሮች ብቻ ናቸው የቀሩት። አቶ ደገፋ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ውክልናውን ዘረጉ፤ እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ሽንኩርት እከትፍ ነበርና ሁለታችንም አለቀስን። «ካርታውን» አሉኝ። «ምሳ እየደረሰ ነው» አልኳቸው። ድስቱን ስከፍት ወደዚያ ማየት አለማየት ጨነቃቸው፤ ዞር ቢሉ በረንዳ ነው፣ ቢመለሱ እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ ተነሥተው መጡና ጠረጴዛው ላይ፣ እኔው ፊት ተቀምጠው በሉ። ጨመርኩላቸው። ማማሰያው ሲወድቅብኝም አነሡልኝ። ወረቀታቸውን አጥፈው ሲወጡ «ደህና ብርሃን ገብቶታል» አሉ። ለእርስዎ ምን ብለው እንደጻፉ አላውቅም።

ካርታውን አላሳየኋቸውም፤ ለእርስዎም አልልክም። ስሙ አይስተካከልም። ግማሽ የለም፣ ድርሻ የለም፣ በረንዳው ጥግ የምትመደብልኝ ቦታ የለችም። ተናድጃለሁ። ቤታችሁ ከገባሁ በአርባ ዘጠኝ ዓመት አንዴ ብናደድ አይበዛብኝም። ሃኒ ከተቀየመች እዚያው ሆና ትጻፍልኝ፤ ለእሷም በእጄ እመልስላታለሁ።

ኡርሱላ እንደምን ናት? ባለፈውም ጠይቄ አልመለሱልኝም።

ደሚቱ ነገሪ


ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደሚቱ

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይህ አራተኛው ነው፤ እንዳለ እልከዋለሁ።

ደገፋ ውክልናውን መለሰልኝ። «የምወከልበት ነገር አላገኘሁም» ብቻ ነው ያለኝ። ስለ ምሳው ግን አንድ ገጽ ጽፏል።

«ደ» ደሚቱ ነው። ትራሱም ትራስ ነው። ስጠየቅ ከመዋሸቴ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው፤ ስሥለው ክፋት አልመሰለኝም። ለእሷም ቦታ አሰብኩላት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ሜትር ከዘጠና ያደረግሁት እግርሽ እንዲዘረጋ ነው። እንደ መልካም ሰው ነበር የማስበው።

ስለ ኡርሱላ ሁለቴ ጠይቀሽኛል። ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ አብረን አይደለንም። «እኔና ኡርሱላ» ብዬ ስጽፍልሽ እሷ ከሄደች ሁለት ወር አልፏት ነበር። ይልቁንስ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ቤቱ ከአባቷ የወረሰችው ነውና። የአትክልት ቦታም የለኝም። አሁን ያለሁት አራት ሌሎች ሽማግሌዎች በየክፍላቸው የሚኖሩበት ቤት ነው። ማድ ቤቱ የጋራ ነው። ከማቀዝቀዣው ውስጥ አንድ መደርደሪያ ይደርሰኛል፤ ስሜ ተለጥፎበታል። ያን ንድፍ የሣልኩት እዚያው ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ሲበሉ እየተነሣሁ፣ ሲጨርሱ እየተመለስኩ።

ሃኒ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታውቅም። አልተቀየመችም። ስሟን ያነሣሁት ብቻዬን እንዳልመስልሽ ነው።

እዚህ ያለ ሰው ሁሉ አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ ቤት እንዳለኝ ያውቃል። እየነገርኳቸው ስኖር እኔም አመንኩት። ካርታውን ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። «ይህ ቤት የወልደ ሚካኤል ቤተሰብ ቤት ነው» የሚል አጭር ወረቀት ጻፊልኝና ፈርሚበት። ለፍርድ ቤት አይደለም፤ ምስክር የለው፣ ማኅተም የለው። ለራሴ ነው፤ ኪሴ ውስጥ የማስቀምጠው።

ግንቦት አጋማሽ ላይ እመጣለሁ፤ ቲኬቱን ቆርጫለሁ። አንድ ቁልፍ ለደገፋ ስጪልኝ፤ ከአየር ማረፊያ ይዞልኝ ይመጣል። አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ቤቴ ከፍቼ ልግባ።

ቃለሕይወት


ልደታ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ቃለሕይወት

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ። በዓሉን ከማን ጋር እንደዋሉ ማሰብ አልፈልግም፤ አስቤው ግን ውያለሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ምሳ ዕቃዎቹን እየሞላሁ ሳለ ነው። ምድጃውን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። የባንክ ሠራተኞቹ በዚያ ቀን ምሳቸውን ግማሽ ሰዓት ዘግይተው በሉ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። አዝኛለሁ። ሰው በስተርጅና ከማቀዝቀዣ መደርደሪያ ላይ ስሙን ፈልጎ መብላቱ ያሳዝነኛል፤ ማንም ይሁን ማን።

«ደ» ማን እንደሆነች በራስዎ እጅ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። በደግነት ነው የሣልኳት ማለትዎንም አምኜዎታለሁ። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ እናትዎም ከበርሜሉ ጀርባ ፍራሼን ያነጠፉልኝ በደግነት ነበር። ይቅር ብያለሁ ልል ፈልጌ ብዕሩ አልሄድ አለኝ። እስኪሄድ ይጠብቁኝ።

ወረቀቱን አልጽፍም። ለኪስዎም ቢሆን፣ ማኅተም ባይኖረውም፣ ማንም ባያየውም አልጽፍም። እኔ አየዋለሁ። የማዝንልዎት ዘመዴ ስለሆኑ ነው፤ ስላዘንኩ ግን ቤቱ የእርስዎ አይሆንም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ዕድሜ ልኬን አንድ ላይ ሳምታታቸው ኖሬያለሁ። ሰው ሲያዝን ባየሁ ቁጥር ተነሥቼ ቦታዬን እለቅ ነበር። አሁን አልነሣም።

ይምጡ ግን። እዚያ ለሚያውቁዎት ሰዎችም እውነቱን ይንገሯቸው፤ ልደታ ዘመድ አለኝ ይበሉ፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዳዬ ሆነው ይምጡ። አንድ ወር ይቀመጡ፤ ወሩ ሲያልቅ ስለሚቀጥለው ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፤ በአፌም ቢሆን ከእንግዲህ እሺ የምለው እሺ ያልኩትን ነው። መኝታ ቤቴን አልለቅልዎትም። ሳሎኑ ውስጥ የሚዘረጋ ሶፋ አለ፤ ንጹሕ አንሶላ አነጥፍልዎታለሁ። ጠዋት በአንድ ሰዓት ሥራ ስለምጀምር ድስት ሲንኳኳ ይሰማሉ፤ ግድግዳ የለም ብዬዎታለሁ። ተነሥተው ይምጡና ካሮት ይላጡልኝ። ሁልጊዜ እንግዳ የሚባል የለም።

ማድ ቤቱ አልቋል። የካቢኔው በሮች ከሁዳዴ አጋማሽ ጀምሮ ተገጥመዋል፤ አንዱም በሽቦ አልታሰረም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ በበረንዳው ገብታ ጠረጴዛውን ትሻገራለች፤ ቢጫው ግድግዳ ላይ ስትደርስ ቤቱ በሙሉ ይሞቃል። ሲመጡ ቀለሙን መቼም ይተቹታል፤ ይተቹት፤ አልቀይረውም። የጎረቤት ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይሰበሰባሉ፤ እኔ እያማሰልኩ አወራለሁ፣ እነሱም ፊቴን እያዩ ይመልሱልኛል። ድሮ ሳሎን ውስጥ ሲሳቅ ምን ተብሎ እንደሆነ የምጠይቀው ሳህን ለማንሣት ስገባ ነበር። አሁን ከሁሉም በፊት የምስቀው እኔ ነኝ፤ ቀልዱ የእኔ ሲሆን እንኳ።

ቁልፍ ለአቶ ደገፋ አልሰጥም። ለማንም አልሰጥም። አቶ ደገፋ ሻንጣዎን ይሸከሙልዎት፤ መንገዱን ያውቁታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ ያለው በር ነው። ያንኳኩ። ከምድጃው ሆኜ እሰማዎታለሁ። «ማን ነው?» እላለሁ፤ ስምዎን ሲነግሩኝ እከፍትልዎታለሁ።

ደሚቱ ነገሪ